ሦስት ፊልተር ይዞ ሳነቴ ማደር

ጎባ፣ የጥምቀት ሰሞን። የመጣነው በአሰላና በዶዶላ አድርገን ነው። ዲንሾ ላይ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን መግቢያ ከፍለን፣ ለማደር ፈቃድ አውጥተን፣ ስካውት የሚባል የፓርኩ ጠባቂ ተመድቦልናል። ከጎባ ወደ ሳነቴ ሽቅብ ሲወጣ መጀመሪያ ኮሶው ይታያል፣ ቀጥሎ አስታው፤ አስታውም ሲያልቅ ጅብራው ብቻ ሜዳው ላይ ተገትሮ ይቀራል። አምባው 4,000 ሜትር ገደማ ነው። ሻንጣ ማውረድ እንኳ ትንፋሽ ያሳጥራል።

የመጣሁት ሰማይን ፎቶ ላነሳ ነው፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው መኪናዬን ቢፈትሽ ሳይስቅብኝ አይቀርም። ናሮውባንድ ፊልተር የከተማ ሰው መሣሪያ ነው፤ የመንገድ መብራት ባጠበው ሰማይ ሥር ኔቡላን ፎቶ ለማንሳት የሚረዳ። እንዲህ ባለ ጨለማ ውስጥ እሱን ይዞ መምጣት በበጋ ጃንጥላ እንደመያዝ ነው። እኔ ግን ምክንያት አለኝ። አንደኛ፣ ግማሽ ጨረቃ አለች። ሁለተኛ፣ ሰማዩ የቱንም ያህል ቢጨልም ተራ ካሜራ ጋዞቹን አንድ ባንድ ለይቶ አያሳየኝም።

የምፈልገው ሮዜት የሚባለውን ኔቡላ ነው፤ ከኦሪዮን በስተምሥራቅ፣ 5,000 የብርሃን ዓመት ያህል ርቆ ያለ የጋዝ ደመና። ስፋቱ ሰማይ ላይ ከሙሉ ጨረቃ ከእጥፍ በላይ ነው፤ ፈዛዛ ስለሆነ ግን ዓይን አያገኘውም። መሃሉ ላይ ያሉት ወጣትና እጅግ ትኩስ ኮከቦች በአልትራቫዮሌት ጨረራቸው ጋዙን ያበሩታል። ጋዙ ታዲያ እንደ አምፖል ሁሉንም ቀለም አይረጭም። ሃይድሮጂኑ በ656.3 ናኖሜትር ቀይ፣ ሁለት ኤሌክትሮን የተነጠቀው ኦክስጅን በ500.7 ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ፣ ሰልፈሩ ደግሞ በ671.6 እና በ673.1 ጠቆር ያለ ቀይ ይሰጣል። የኔ ፊልተሮች እያንዳንዳቸው 3 ናኖሜትር ብቻ አሳልፈው የቀረውን ይመልሳሉ። ብርሃን አይጨምሩም፤ ሥራቸው መጣል ነው።

የኦክስጅኑ መስመር ሰዎችን ብዙ አንከራቷል። እንግሊዛዊው ዊልያም ሃጊንስ በ1864 እ.ኤ.አ. በኔቡላ ብርሃን ውስጥ ሲያየው ከሚታወቁት ንጥረ ነገሮች ከአንዳቸውም ጋር አልገጠመለትም፤ ለዓመታትም ምድር ላይ የሌለ ንጥረ ነገር ነው ተብሎ ታሰበ። አሜሪካዊው አይራ ቦወን በ1927 ኦክስጅን መሆኑን አሳየ። ምድር ላይ አቶሞቹ ይህን ብርሃን ሳይለቁ እርስ በርስ ይጋጫሉ፤ ኔቡላው ውስጥ ግን ጋዙ በጣም ስስ ስለሆነ ጊዜ ያገኛሉ።

ሳነቴ፣ አመሻሽ። ጭቅጭቁ ከማውንቱ ጋር ነው፤ ቴሌስኮፑን ከመሬት መዞር ጋር አብሮ ከሚያዞረው ማሽን ጋር። ዘንጉ ወደ ሰማይ ዋልታ መጠቆም አለበት። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ በላይ የሚኖራት ከፍታ ከቦታው ኬክሮስ ጋር እኩል ስለሆነ፣ እዚህ 7 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ብላ ትታያለች። ማሽኑን የሠሩት ሰዎች አውሮፓንና አሜሪካን እንጂ እኛን አላሰቡም፤ ብሎኑ እዚያ ድረስ አይወርድም፣ የሚዛኑ ብረትም ከትሪፖዱ እግር ጋር ይጋጫል። መላው እንዲህ ነው፦ አንዱን እግር ወደ ደቡብ አድርጎ በሁለቱ መሃል ያለውን ክፍተት ወደ ሰሜን ማዞር፤ ከዚያ በደቡቡ እግር ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ መደርደርና ማሽኑን ወደ ሰሜን ማዘንበል። ድንጋዩን ያመጣው ስካውቱ ነው። የመረጠውም ከኔ የተሻለ ነበር።

ሻይ ስንጠጣ፣ አዲስ አበባ ጣራ ላይ ያነሳሁትን የሮዜት ፎቶ ስልኬ ላይ አሳየሁት። አተኩሮ አየውና፣ «ጋሼ፣ ይሄን ቀለም ካሜራው አይቶት ነው ወይስ እርስዎ ቀብተውት?» አለኝ።

«ካሜራው ያየው ጥቁርና ነጭ ነው» አልኩት። «የቱ ጋዝ የት እንዳለ ይነግረኛል። ቀለሙን የምሰጠው እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ካርታ ነው በሉኛ!»

ከዚህ የተሻለ መልስ አልነበረኝም።

ሌሊቱ። ጨረቃዋ እስክትጠልቅ ሃይድሮጂኑንና ሰልፈሩን አነሳሁ። የጨረቃ ብርሃን ወደ ቀዩ ጫፍ ብዙ አይጎዳም፤ ኦክስጅኑን ግን ያጥበዋል፤ ስለዚህ ኦክስጅኑ እኩለ ሌሊት አልፎ ጨረቃዋ እስክትሄድ ጠበቀ። እያንዳንዱ ፍሬም 5 ደቂቃ ነው። ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ ሮዜት ልክ አናታችን ላይ ነበረ፤ አውሮፓ ውስጥ ያለ ሰው በወፍራም አየር ውስጥ አሻግሮ የሚያየውን እኛ በአጭሩ መንገድ እናየዋለን። ብርዱ ባትሪውን እየበላው ስለነበር በብርድ ልብስ ጠቀለልነው።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት፣ ካሪና ኔቡላ በደቡብ። ከሐረና ጫካ በላይ 23 ዲግሪ ያህል ወጥቷል። ይሄኛው ያለምንም መሣሪያ በዓይን ይታያል፤ ከለንደን ወይም ከኒውዮርክ ግን ከነጭራሹ ከአድማስ በላይ አይወጣም። በአንድ ሌሊት ሁለቱንም የሰማይ ግማሽ ማግኘት የኛ ዕድል ነው፤ የሚጠቀምበት ሰው ማነሱ ያስቆጫል።

ጎህ ሲቀድ ነጭ ቲሸርት ቴሌስኮፑ አፍ ላይ ወጥሬ ለየፊልተሩ ፍላት የሚባለውን ፍሬም አነሳሁ፤ ፊልተሩ ላይ ያረፈች አቧራ በፎቶው ላይ የምትተወው ቀለበት የሚጠፋው በዚህ ነው። ከዚያ ክዳኑን ገጥሜ፣ በዚያው የሴንሰር ሙቀትና በዚያው ርዝመት፣ ዳርክ የሚባሉትን ብርሃን የሌለባቸው ፍሬሞች አነሳሁ።

ጎባ፣ ሆቴል። አንዷን ጥሬ ፍሬም ስከፍት ጥቁር ናት፤ ጥቂት ኮከቦች ብቻ። ሲሪል በሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ፍሬሞቹን ደራረብኳቸው። የድርደራው ሕግ ቀላልም ጨካኝም ነው፦ ኖይዝ የሚሉት የምስሉ ብናኝ በግማሽ እንዲቀንስ ፍሬሙ አራት እጥፍ መሆን አለበት። ከዚያ ጨለማው ውስጥ የተጨመቀውን መረጃ ቀስ እያሉ ወደ ብርሃን መሳብ ነው፣ ስትሬች የሚሉት። ሃይድሮጂኑ መጀመሪያ ወጣ፤ ዳር ዳሩ እንደ ጥቅጥቅ ጢስ፣ ውስጡ ላይ የጠቆረ አቧራ። ኦክስጅኑ ሲወጣ መሃሉን ብቻ ሞላ። እንዲህ መሆኑ ትክክል ነው፤ ከኦክስጅን ሁለተኛውን ኤሌክትሮን ለመንጠቅ 35 ኤሌክትሮን ቮልት ያስፈልጋል፣ ለሃይድሮጂን 13.6 ይበቃል። ጠንካራው ጨረር ያለው ከኮከቦቹ አጠገብ ነው። ቴርሞሜትር የማያስፈልገው የሙቀት መለኪያ ማለት ነው።

ቀለሙን በሃብል የጠፈር ቴሌስኮፕ አሠራር አደረግኩት፦ ሰልፈር ቀይ፣ ሃይድሮጂን አረንጓዴ፣ ኦክስጅን ሰማያዊ። የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎቹ ጄፍ ሄስተርና ፖል ስካወን በ1995 እ.ኤ.አ. «የፍጥረት ዓምዶች» የተባለውን የሃብል ፎቶ ያወጡት በዚህ ድልድል ነው። ሃይድሮጂን ስለሚበዛ መጀመሪያ ሁሉም ነገር አረንጓዴ ይሆናል፤ ብዙ ሰው አረንጓዴውን ነቅሎ ወርቃማ ያደርገዋል። እኔም ወርቃማውን እወደዋለሁ። ነገር ግን ከመጠን በላይ ከተነቀለ የሃይድሮጂኑና የሰልፈሩ ድንበር ይጠፋል፤ ሦስት ፊልተር ተሸክሞ ሳነቴ የወጣ ሰው እሱን ካጠፋ የመጣበትን ጣለ። ስለዚህ ያልተነቀለውንም ቅጂ አስቀምጣለሁ።

የኔቡላ ፎቶ የምትለጥፉ ወዳጆች፣ ከሥሩ አንድ መስመር ጨምሩልን፦ በየትኛው ፊልተር እንደተነሳ፣ ለየትኛው ጋዝ የትኛው ቀለም እንደተሰጠ፣ በጠቅላላው ስንት ሰዓት ብርሃን እንደተሰበሰበ። ካርታ ያለ መግለጫ አይነበብም።