ፊደል የሚለቀምበት ቤት

ከፈረስ መጋላ ወደ ግድር መጋላ የሚወርደውን ጠባብ መንገድ ሐረሮች «መኪና ግርግር» ይሉታል። መኪና የተባለው ባለ ጎማው አይደለም፤ በግራና በቀኝ ተደርድረው ቀኑን ሙሉ የሚንጫጩት የልብስ ስፌት መኪናዎች ናቸው። ሐረርን የጎበኛችሁ አንባቢዎች እዚያው ጨርቅ ገዝታችሁ፣ ሻይ ጠጥታችሁ እስክትመለሱ ልብሳችሁ ተሰፍቶ ጠብቋችሁ ይሆናል። አንዲት መኪና፣ አንድ ወንበርና የለመደ እጅ ቤተሰብ እንደሚያኖሩ ለመረዳት ከዚህ መንገድ የተሻለ ትምህርት ቤት የለም። ሸንኮር ያለው የእኛም ቤት የሚኖረው በአንዲት ማሽን ነው። የእኛዋ ግን ጨርቅ አትሰፋም፤ ፊደል ትቆርጣለች።

ሥራውን በየቀኑ ታዩታላችሁ። በባጃጅ መስታወት ላይ ያለው ጥቅስ፣ በመድኃኒት ቤት በር ላይ የተለጠፈው የሥራ ሰዓት፣ በሱቅ መስታወት ላይ ያለው ስልክ ቁጥር፣ በሠርግ መኪና ላይ የሙሽሮቹ ስም፣ ብዙውን ጊዜ ቪኒል ከሚባል ስስ ፕላስቲክ የተቆረጠ ስቲከር ነው። ፕሎተር ወይም ከተር የምንላት ማሽን ቀለም አትረጭም። በኮምፒውተር የተዘጋጀውን ፊደል ጠርዝ ጠርዙን በትንሽ ምላጭ ትከተላለች። ቪኒሉን ትቆርጣለች፤ ከሥሩ ያለውን ወረቀት ግን አትበሳም። የቪኒሉ ውፍረት የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ እንኳን የማይሞላ መሆኑን ስታስቡ ሥራው ምን ያህል ስስ እንደሆነ ይገባችኋል።

ብዙ ወዳጆቼ «እኛም ቤታችን ልንጀምር ነው፤ የቱን ማሽን እንግዛ?» ይሉኛል። መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ማሽኗ ከወጪው ትልቁ፣ ከሥራው ግን ትንሹ ክፍል ናት። እንጀራው ያለው ሁለት ነገር ላይ ነው፤ ፊደል ሳይጎድል ማውጣት፣ ማሽኗ ስታስቸግር ደግሞ ሳይደናገጡ በተራ መመርመር።

እኛ የጀመርነው በዕቁብ ነው። ዕጣው ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስለወጣልን ገንዘቡን አንድ ላይ አገኘን፤ ክፍያው ግን ሙሉ በሙሉ ከፊታችን ነበር። ዕቁብ የምትጥሉ ታውቁታላችሁ፤ ሥራ ኖረም አልኖረም እሑድ ይመጣል። ባለቤቴ መምህር ነው፤ በደመወዙ ቤትም ዕቁብም አይሸፈንም። ስለዚህ ሳሎናችንን በመጋረጃ ለሁለት ከፍለን፣ ንግድ ፈቃድ አውጥተን፣ ማሽኗን በመስኮቱ በኩል አስቀመጥናት።

ከተቆረጠ በኋላ ከፊደሉ ዙሪያና ከውስጡ ያለው ትርፍ ቪኒል በወረንጦ ይነሳል። እኛ ቤት ይህን «መልቀም» እንለዋለን። ስሙን ያወጣችለት እናቴ ናት፤ «ይሄ ምስር ከመልቀም በምን ይለያል?» ብላ መነጽሯን አድርጋ ከተቀመጠች በኋላ ከእሷ የሚበልጥ ለቃሚ አልተገኘም። ኮምፒውተሩን አትነካም። ግን ስንት ዓመት ስንዴ ከእንክርዳድ የለየ ዓይን ያልተዘጋች ቀለበት አያልፍም።

ቀለበት ያልኩት በምክንያት ነው። ፊደላችን ለምላጭ ቀላል አይደለም። «መ» እና «ወ» ሁለት ሁለት ዓይን አላቸው። እንደ «ቤ» እና «ሴ» ያሉት ኃምሶች ደግሞ እግራቸው ሥር ትንሽ ቀለበት ያንጠለጥላሉ። ጽሑፉ ትንሽ ሲሆን ይህች ቀለበት ከምስር ፍሬ ታንሳለች። ከወረቀቱ ጋር ተነቅላ ብትሄድ «መድኃኒት ቤት» የነበረው «መድኃኒት በት» ሆኖ ቁጭ ይላል። ስለዚህ ለትንሽ ጽሑፍ ወፈር ያለና ያልተጨናነቀ የፊደል ቅርጽ ምረጡ፤ ከመቁረጣችሁም በፊት ጽሑፉን ወደ መስመር ቀይሩት። ግዕዝ በዩኒኮድ ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ከዚያ ቀደም ባሉ ፕሮግራሞች የተጻፈ ፋይል ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ሊሆን ይችላል። ወደ መስመር የተቀየረ ፊደል ግን የትም ቢሄድ ቅርጹን አይለቅም።

ሐረር ላይ ሌላም ጉዳይ አለ። የክልሉ የሥራ ቋንቋዎች ሐረሪና አፋን ኦሮሞ ናቸው፤ ገበያው አማርኛም ይናገራል፤ ጎብኚው እንግሊዝኛ ይፈልጋል። አንዲት ጠባብ በር ላይ አራት ቋንቋ ማስፈር የተለመደ ነው። አፋን ኦሮሞ በቁቤ ሲጻፍ ድምፁ ከረዘመ አናባቢው ይደገማል። «መሬት» የሚለው ቃል አናባቢዎቹ ሲደገሙ «ደካማ» ወደሚል ይዞራል። ስለዚህ ቤታችን አንድ ሕግ አለ፦ ቋንቋውን አፉን የፈታበት ሰው ጮክ ብሎ ሳያነብልን፣ ደንበኛውም በወረቀት ታትሞ ባየው ጽሑፍ ላይ ሳይፈርም ምላጩ አይወርድም። ይህ ከተማ ፊደልን አክብሮ የኖረ ከተማ ነው። በራስ ተፈሪ ቤት ውስጥ ያለውን የሸሪፍ ሙዚየም ስትጎበኙ በእጅ የተጻፉትንና በቆዳ የተደጎሱትን የቆዩ መጻሕፍት እዩ። የእነዚያ ጸሐፊዎች ከተማ ላይ የተሳሳተ ቃል መስቀል ያሳፍራል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነገር ልምጣ። መስከረም ሊጠባ አንድ ሳምንት ሲቀረው የአንድ ትምህርት ቤት ሥራ በእጃችን ነበር፤ የክፍል ቁጥሮች፣ የቢሮ ስሞች፣ በሦስት ቋንቋ። ዕቁባችን ገና አላለቀም። ማሽኗ በሥራ መሀል ከፊደሉ ወጥታ ቪኒሉን ከዳር እስከ ዳር በቀጥታ መስመር ትሰነጥቅ ጀመር፤ አንዳንዴም ግማሽ ላይ ቀጥ ትላለች። የደወልንለት ጥገና ባለሙያ ምልክቱን ሰምቶ «እህቴ፣ ዋናው ቦርድ ሄዷል፤ አዲስ አበባ ላኪልኝ» አለኝ። አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። የቦርዱ ዋጋ ብቻ የብዙ ሳምንት ዕቁብ ነበር፤ የትምህርት ቤቱም ሥራ አብሮ ይቀራል።

ግድግዳችን ላይ ማሽኗን ከገዛንበት ቀን ጀምሮ የተለጠፈ ወረቀት አለ። አምስት ቃል ብቻ ተጽፎበታል፦ ቪኒል፣ ምላጭ፣ ጎማ፣ መብራት፣ ኮምፒውተር። ከሥሩ ባለቤቴ «በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ» ብሎ አስምሮበታል። እሱን ተከተልን። ቪኒሉን ቀየርን፤ ለውጥ የለም። ምላጩንና ጎማዎቹን አየን፤ ደህና ናቸው። ከዚያ ኮምፒውተሩን ነቅለን ማሽኗ በራሷ የምትቆርጠውን የሙከራ ቅርጽ አስቆረጥናት። ንጹሕ አድርጋ ቆረጠች። ቦርዷ ሄዶ ቢሆን ይህን ማድረግ ባልቻለች ነበር። ስለዚህ ሕመሙ ያለው በኮምፒውተሩና በማሽኗ መካከል ነው ማለት ነው። ረጅሙን የዩኤስቢ ገመድ በአጭር ቀየርን፤ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። በመጨረሻ ላፕቶፑን ከሶኬት ነቅለን በባትሪው ብቻ አሠራነው። መስመሩ ድርግም ብሎ ጠፋ!

የቤታችን ሶኬት ኧርዝ አልነበረውም። ከላፕቶፑ ቻርጀር የሚመጣው የኤሌክትሪክ ረብሻ መውጫ አጥቶ በገመዱ በኩል ማሽኗን ያሳስታት ነበር። የሰፈራችን ኤሌክትሪሺያን የኧርዝ ዘንግ ቀብሮ ገመዱን እስኪዘረጋ ድረስ ሥራውን በባትሪ እያፈራረቅን ጨረስን። ትምህርት ቤቱ በሩን ሲከፍት ቁጥሮቹ በየበሩ ላይ ነበሩ። የከፈልነው የአንድ ቀን የሙያ ዋጋና የገመድ ብቻ ነው፤ እሑድም ዕቁባችንን ጣልን።

እናንተም ማሽን ካላችሁ ወይም ልትገዙ ካሰባችሁ፣ ባለሙያ ከመጥራታችሁ በፊት እነዚህን እዩ። የፊደሉ ማዕዘን ከተድበለበለ ወይም ክቡ ካልገጠመ የምላጩን መያዣ ፍቱ፤ ብዙ ጊዜ ቁራጭ ቪኒል ገብቶ ምላጩ እንዳይዞር ይዞት ታገኛላችሁ። ንጹሕ ከሆነ የምላጩን «ኦፍሴት» ልክ ተመልከቱ፤ ለብዙዎቹ ምላጮች 0.25 ሚሊ ሜትር ነው። በአንድ በኩል ቆርጣ በሌላው በኩል ከዘለለች፣ ከምላጩ ሥር የተነጠፈው ስስ ላስቲክ ተቦርቡሮ እንደሆነ በጣታችሁ ዳስሱት። ረጅም ሥራ ላይ ቪኒሉ ወደ ጎን ከሸሸ ጎማዎቹ በሻካራው ዘንግ ትክክል ላይ መቀመጣቸውን አረጋግጡ፤ ጥቅሉንም አስቀድማችሁ ፍቱት፤ ማሽኗ እየጎተተች እንድትፈታው አትተዉላት። ለእያንዳንዱ ጥቅል ደግሞ መጀመሪያ ትንሽ አራት ማዕዘን ቆርጣችሁ ላጡት። ቪኒሉ በቀላሉ ተላቅቆ ወረቀቱ ላይ ስስ ጭረት ብቻ ከቀረ ልኩ ነው። ወረቀቱ ከተበሳ ግፊቱን ቀንሱ።

አለጣጠፍም የራሱ ወቅት አለው። ድሬዳዋ ወርደን ስንሠራ ሙጫው በሙቀቱ ገና ሲነካ ጭምቅ አድርጎ ይይዛል፤ ስለዚህ በጠዋት፣ በጥላ ሥር፣ መስታወቱን ጥቂት የዕቃ ሳሙና ባለበት ውኃ አርጥበን እንለጥፋለን። ሐረር ላይ በክረምቱ ብርድ ደግሞ ቀኑ ሞቅ እስኪል መጠበቅ ይሻላል። ጀጎል እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፤ በግንቡ ውስጥ ባለ ቤት ላይ ምልክት ከመስቀላችሁ በፊት የሚመለከተውን ቢሮ ጠይቁ። እኛ እዚያ የምንመርጠው በሩ መስታወት ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ጽሑፍ ነው፤ ቤቱን አይሸፍንም፤ ሲነሳም ምልክት አይተውም።

ዋጋ ስትተምኑ ደግሞ ደንበኛ የሚገርመውን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ትንሽ ፊደል ከትልቁ ይወደዳል። አንድ የባጃጅ ባለቤት «እትዬ፣ ይሄ እኮ መዳፍ አይሞላም!» ብሎ ተከራከረኝ። አጠገቤ አስቀምጬ ወረንጦውን ሰጠሁትና አንዷን ቃል እንዲለቅም ጋበዝኩት። ሦስተኛዋ ፊደል ላይ ላቡን ጠርጎ ሒሳቡን ከፈለ። የቪኒሉን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የለቃሚውን ሰዓት፣ ማንሻ ቴፑን፣ የሚጣለውን ትርፍና የሚያልቀውን ምላጭ ቁጠሩ። ያለቀ ምላጭ ልጆች እጅ እንዳይገባ በክዳን ቆርቆሮ ይከማች። ዕድሜ የገፋ ለቃሚ ካለም በየግማሽ ሰዓቱ ዓይኑን ያሳርፍ፤ እናቴን የማስነሳት ኃላፊነት የትንሿ ልጄ ነው።

ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ቅዳሜ ከቤተሰባችሁ ጋር ሰፈራችሁን በእግር ዙሩ። ልጆቹ ደብተር ይያዙ። ቀለበቷ የወደቀባትን «ቤ»፣ ፀሐይ ያነጣውን ስልክ ቁጥር፣ ጫፉ የተላጠውን የሥራ ሰዓት፣ ስም የሌለውን በር አንድ በአንድ ይመዝግቡ። ማታ ስትቆጥሩት ዝርዝሩ አንድ ገጽ ካልሞላ ዕቁቡን ለሌላ ነገር አውሉት። ሁለት ሦስት ገጽ ከሞላ ግን የመጀመሪያዎቹን ደንበኞቻችሁን አድራሻ ይዛችሁ ገብታችኋል። ሰኞ በራቸውን አንኳኩ።