ባትሪው አልነበረም

ለአምስት ወር ያህል ፒክአፓችንን ሜዳ ላይ አቁመን አድረን አናውቅም። ሞያሌ ውስጥ የት የት ቁልቁለት እንዳለ ጠይቁን፤ በቃላችን እንነግራችኋለን። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ሃይሉክስ የሚገፉ ሦስት ሴቶች ያየ ሰው ካለ፣ እኛ ነን።

መኪናዋን የገዛነው በእቁብ ብር ነው። አሮጌ ናት፣ ባለ 5ኤል ናፍጣ ሞተር። ቲማቲምና ሽንኩርት ጭነን ወደ ኬንያ በኩል እናሻግራለን፤ ስንመለስ ሳሙናና የፕላስቲክ ዕቃ እንይዛለን። የሚነዳልን ልጅ እግር ነው፤ ዝምተኛ፣ መንገድ የሚያውቅ። ሞያሌ ላይ ከቀኝ ወደ ግራ መስመር ሲቀየር አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም።

ችግሩ የጀመረው ጠዋት ጠዋት ነበር። ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ እያቃሰተ ይዞራል፣ የፊት መብራቱ ይደበዝዛል። ያየው ሁሉ "ባትሪ ነው" አለን። ባትሪ ገዛን። ጥቂት ሳምንት ደህና ሆነ፤ ከዚያ ያው። ሁለተኛ ባትሪ ገዛን። በዚህ ጊዜ ነው ልጁን የያዝነው።

"ሬዲዮ ከፍተህ ነው የምታድረው።"

"እትዬ፣ በእግዜር፣ ሬዲዮኑን ከነቀልኩት ቆየሁ።"

አላመንነውም። የሁለተኛውን ባትሪ ግማሽ ዋጋ ከደመወዙ በአራት ወር ቆረጥን። ምንም አላለም። ዝም ማለቱን ደግሞ እንደ ማመን ቆጠርንበት፤ ዛሬ ስናስበው የሚያሳፍረን ይሄኛው ነው።

የቁርጡ ቀን የመጣው ድንበሩ ላይ ነው። 38 ሳጥን ቲማቲም ጭነን የፍተሻው ግቢ ገባን፤ ፈታሹ "ሞተር አጥፉ" አለ። ሁልጊዜ ወረፋ ስንጠብቅ ሳናጠፋ ነበር የምንቆየው፤ ስንት ናፍጣ እንዲያ እንደተቃጠለ አንቁጠረው። ጠፋ። ፍተሻው አልቆ ቁልፉ ሲዞር "ቀጭ" ብቻ። ግቢው ሜዳ፣ መኪናው ሙሉ ጭነት። የኬንያ የከባድ መኪና ሹፌሮች ወርደው ገፉልን፤ ልጁ በሁለተኛ ማርሽ ፍሪሲዮን ቢለቅ ጎማው ቆመ እንጂ ሞተሩ አልተነሳም። ከኋላ ክላክስ። ፀሐዩ ሳጥኑ ላይ።

ከወዲያ በኩል አንድ ፉንዲ ተጠራ፤ ስዋሂሊ ተናጋሪ ለሆናችሁት አዲስ ቃል አይደለም፣ መካኒክ ማለት ነው። ትንሽ መለኪያ ነበረችው። ባትሪው ላይ ሰካት፤ 12.6 ቮልት። ደህና ነው። ልጁን ቁልፍ አዙር አለውና ቁጥሩ ከ8 በታች ሲወርድ አሳየን። "ማማ፣ ቤትሪ ሃይና ሺዳ" አለን። ባትሪው ምንም አልሆነም። እኛ ግን ያንን ባትሪ ስንሰድብ ነው የከረምነው። ከዚያ ከመኪናው ሥር ገብቶ ሞተሪኖውን በመዶሻ እጀታ ቀስ ብሎ መታ መታ ሲያደርገው መኪናዋ ተነሳች።

"ይሄ ጥገና አይደለም፤ ዛሬ እንድትሄዱ ነው" ብሎ አስጠነቀቀን። ቲማቲሙ በግማሽ ዋጋ ሄደ። ግማሽ ማለታችን ደህና አድርገን ነው።

ሞተሪኖ ፍለጋው ደግሞ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ናይሮቢ ኪሪንያጋ መንገድ ላይ መለዋወጫ ለሚያውቅ ወዳጃችን ደውለን "ሞተሪኖ ፈልግልን" ብንለው፣ ሙሉ ሞተር መስሎት የነገረን ዋጋ ስልኩን ሊያስጥለን ነበር። ሞተሪኖ ከጣሊያን የወረስነው ቃል ነው፤ ከድንበሩ ወዲያ ስታርተር በሉ። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራም ጠየቅን፤ እዚያ ቃሉም ዕቃውም ነበረ፣ ግን ከእኛ 770 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። በመጨረሻ ያገለገለ የጃፓን ከናይሮቢ በአውቶቡስ መጣልን። መሪው በቀኝ ከሆነ መኪና የወጣ ነው ብላችሁ አትፍሩ፤ ወሳኙ የሞተሩ ዓይነት ነው። ጥርሱን ግን ቁጠሩ። የእኛ 11 ነበር፤ የመጣውም 11 ሆነ። ቁጥሩ ከተለየ የሞተሩን ጥርስ ይበላዋል። 12 ቮልት መሆኑንም እዩ፤ የከባድ መኪናው 24 ነው።

ፉንዲው ከመግጠሙ በፊት መሬት ላይ አስቀምጦ በእግሩ ረግጦ ከባትሪ አገናኘው፤ ጥርሱ ወደ ፊት ተወርውሮ ዞረ። ከዚያ መጀመሪያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈታ፣ አሮጌውን ሁለት ብሎን ፈትቶ አወረደ። አዲሱ የሚቀመጥበትን ዝገትና ዘይት በሸራ ወረቀት ጠረገ፤ መመለሻው ኤሌክትሪክ በዚያው ብረት ስለሚያልፍ፣ ቆሻሻ ካለው አዲሱም እንደ አሮጌው ያቃስታል አለን። ሥራው ሁለት ሰዓት እንኳ አልፈጀም። አምስት ወር የገፋነው ለዚህ ነው።

አሮጌው ሲፈታ የውስጡ ቡሽ ተበልቶ፣ የሚሽከረከረው ክፍል ከቤቱ ግድግዳ ጋር ሲፋተግ ኖሯል። የፋቀው ቦታ እንደ መስታወት ያበራል። ለመዞር ሲታገል ባትሪውን ይጠጣል፤ መንገዳችን አጭር ሲሆን ደግሞ ባትሪው የሚሞላበት ጊዜ አያገኝም። አዲስ ባትሪ ስንገዛ የሚሻለው ጉልበቱ ትኩስ ስለሆነ ብቻ ነበር።

ልጁ ያንን የተፋቀ ብረት በጣቱ እያሸ ብዙ ቆየ። እኛ እርስ በርስ ተያየን። ማታ ሦስታችን ተቀምጠን የቆረጥነውን አስበን፣ በማግስቱ ይቅርታ ጠይቀን በፖስታ ሰጠነው። ሳይቆጥር ኪሱ ከተተው።

"እትዬ፣ አሮጌውን ሞተሪኖ ልውሰደው?" አለ።

ለመዳቡ መስሎን ውሰድ አልነው። አልሸጠውም። በጨርቅ ጠቅልሎ ከሹፌሩ ወንበር ሥር አስቀመጠው፤ ስለ ሬዲዮ የሚያነሳ ሰው ከመጣ አውጥቶ ሊያሳየው። እስካሁን እዚያው ነው፤ መኪናዋ ጉድጓድ ስትመታ ድምፁ ይሰማናል።