ስለ ካዛንችስና ስለ ቂርቆስ የሌሊት ጫጫታ

ካዛንችስ የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው፤ ኢጣልያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን በግፍ ይዘው በነበሩበት ጊዜ ለመንግሥታቸው ሠራተኞች ካሠሯቸው ‹‹ካዜ ኢንቺስ›› ከሚባሉት ቤቶች ነው። ጠላት ሲወጣ ስሙ ቀረ። በ1950 ዓ.ም. የአፍሪካ የኢኮኖሚ ኮሚሽን ተቋቁሞ፤ በ1953 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ አዳራሽ ተመርቆ ለጉባዔ የሚመጣው እንግዳ ሲበዛ፤ በዙሪያው ማደሪያው፤ ምግብ ቤቱና አዝማሪ ቤቱም አብሮ በዛ።

አዝማሪው መሰንቆውን ይዞ በጠባብ ክፍል ሲዘፍን ድምፁ ከግድግዳው ብዙ አያልፍም ነበር። ሰፈሩን ያደነቆረው ኋላ የመጣው ድምፅ ማጉያ ነው፤ ይልቁንም አፉ ወደ መንገድ ዞሮ የሚሰቀለው። በዚህ ረገድ መጠጥ ቤቱን ብቻ መውቀስ አይገባም፤ የሱቁ ማስታወቂያ፤ የመኪናው ጥሩምባ፤ የሕንፃ ሥራው መኪና፤ የጸሎት ቤቱም ማጉያ ሳይቀር ድርሻ አላቸው።

ባለፈው ሰኔ፤ ካዛንችስ በሚገኝበት በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፤ ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ብዙ በማይርቅ ከአንድ ዘመዳችን ቤት አድረን ነበር። ልጃቸው ለ12ኛ ክፍል ፈተና ሊያጠና ጆሮውን በጥጥ ደፍኖ ተቀምጧል። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሲሆን አባትየው ነጠላቸውን ደርበው ወጡና የመጠጥ ቤቱን ባለቤት ለመኑት። እርሱም በትሕትና ቀነሰላቸው፤ እርሳቸው ገብተው ሳይተኙ ግን እንደገና ከፍ አደረገው። በማግሥቱ ሊያመለክቱ ቢሄዱ፤ ‹‹አሁን ድምፅ አለ ወይ?›› ተብለው ተጠየቁ። ሹሙም በሌላው ቀን ከቀኑ 9 ሰዓት መጥቶ፤ የተዘጋ በር አይቶ፤ ጸጥታውን መዝግቦ ተመለሰ።

ሕግ የለም እንዳይባል፤ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ለድምፅ ልክ እንዲበጅለት አዟል። በወጣውም ልክ መሠረት ለመኖሪያ ሰፈር ቀን 55፤ ሌሊት 45 ዴሲቤል፤ ለንግድ ሰፈር ቀን 65፤ ሌሊት 55 ዴሲቤል ተወስኗል፤ ሌሊቱም ከማታው 3 ሰዓት ይጀምራል። አሥር ዴሲቤል ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን አሥር በተጨመረ ቍጥር የድምፁ ኃይል አሥር እጥፍ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1999 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ለመኝታ ክፍል የመከረው 30 ዴሲቤል ነው። ሰው ቢተኛም ጆሮው አይተኛምና፤ ሳይነቃ እንኳ ልቡ ይደነግጣል፤ ይህም ሲደጋገም የደም ግፊትን ይጨምራል።

እንግዲህ ሕጉ የሌሊቱን ልክ ከቀኑ ዝቅ አድርጎ ሲወስን፤ ጠባቂው ግን የሚሠራው ቀን ነው። ጫጫታም እንደ ቆሻሻ ክምር እስኪነጋ አይጠብቅም።

በ2017 ዓ.ም. በካዛንችስ በኮሪደር ልማት ብዙው አሮጌ ቤት ፈርሶ ነዋሪው ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውሯል፤ መንገዱም ሰፍቷል። ለአዲሶቹ ቤቶች ፈቃድ በሚሰጥበት በዚህ ጊዜ፤ የማጉያው አፍ ወደ ውስጥ እንዲዞር ከፈቃዱ ጋር ማዘዝ ብዙ ወጪ የለበትም። የሚመለከታችሁ ሹማምንት ድምፅ መለኪያ የያዘ ሰው ከማታው 3 ሰዓት በኋላ እንድትልኩ እናሳስባለን። ዘመዳችንም፤ ሹም በሌሊት የመጣ እንደ ሆነ ቡናው ከእኔ ነው ብለዋል።