ወደ ጎዳ ተራራ

በጅቡቲ ከተማ የሚሠሩ ስድስት ኢትዮጵያውያን በጥር ወር ተራራ ለመውጣት ተስማሙ። አገር ቤት በጋ የሚባለው ይህ ወቅት በዚያ የቅዝቃዜ ጊዜ ነው፤ በሐምሌ ከ40 ዲግሪ የሚያልፈው ሙቀት ያን ጊዜ ጋብ ይላል።

ክርክሩ በቦታው ምርጫ ተጀመረ። ወጣቶቹ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ሙሳ ዓሊን መረጡ። ሊያደርሷቸው የተስማሙት ሸምገል ያሉ ሾፌር ግን፣ ኢትዮጵያ፣ ኤርትራና ጅቡቲ የሚዋሰኑበት ተራራ ለሽርሽር እንደማይመች አስረዱ። በጎዳ ተራራ የዳይ ደን አለ፤ ከጅቡቲ በቀር የትም የማይገኝ የቆቅ ዘር ይኖርበታል። ጽዱ እየደረቀ ቢሄድም ደገኛን አገሩን ያስታውሰዋል።

ስለ ብርድ ልብስ ብዙ ተሳሳቁ፤ በወደብ ሙቀት የከረመ ሰው ብርድን ይረሳል። ሳቁ የቆመው የውሃ ነገር ሲነሣ ነው። አንደኛው፣ «ለአንድ ሰው በቀን አምስት ሊትር ይበቃል» አለ።

«መንገዳችን በአሳል ሐይቅ በኩል ወደ ታጁራ ነው» አሉ ሾፌሩ። «ባሕር ለመሻገር ወደ ኦቦክ በእግራቸው የሚጓዙ የአገራችን ልጆች ያጋጥሙናል። ውሃ ጭነን ዝም ብለናቸው ልናልፍ ነው?»

የመለሰላቸው አልነበረም። ገንዘብ ያዡ ከዝርዝሩ አንዱን ድንኳን ሰረዘና በምትኩ አራት ጀሪካን ውሃ ጻፈ።