ሸጠ ወይስ ሰጠ?

ዕድሜያቸው 60ን የተሻገረ ባልና ሚስት በሚኖሩበት ቤት ከእራት በኋላ የማይቀር ክርክር አለ። አንዱ “ድምፁን ጨምሩልኝ” ይላል፤ ሌላው “ኧረ ጆሯችንን በሳችሁት፣ ቀንሱት” ይላል። እኛም ቤት እንዲሁ ነበር። አስጨማሪው ባለቤቴ፣ አስቀናሾቹ ልጆቹ ናቸው፤ ሪሞቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ያመሻል።

ነገሩ ከቀልድ ያለፈው ባለቤቴ ዜናውንም ድራማውንም እየተወ በጊዜ መኝታ ቤት መግባት ሲጀምር ነው። “ምነው?” ሲሉት “ደክሞኛል” ይላል። ከ30 ዓመት በላይ በነርስነት ስሠራ እንዲህ ያለውን ድካም በብዙ አረጋውያን ላይ አይቼዋለሁ። መስማት የተቸገረ ሰው ሁሉ “አልሰማም” አይልም። የሚባለውን ለመከተል ሲታገል ይደክመዋል፤ ሌሎች ሲስቁ አብሮ ይስቃል፣ በምን እንደተሳቀ ግን አያውቅም፤ ቀስ በቀስ ከጨዋታው ይወጣል። የመርሳት በሽታን የሚያጠኑ ባለሙያዎችም የመስማት ችግርን ለበሽታው ከሚያጋልጡ ነገሮች መካከል ይቆጥሩታል። ስለዚህ የሪሞቱን ጠብ እንደ ተራ ነገር አላየሁትም።

አንድ ማታ ባለቤቴና የልጅ ልጃችን በድራማው ተከራከሩ። እሱ “ታላቅየው የአባታቸውን ቤት ሰጠው ተባለ አይደል? ታዲያ ታናሽየውን ምን ያስለቅሰዋል?” ይላል። ልጁ “አባባ፣ ሰጠው ሳይሆን ሸጠው ነው እኮ የተባለው!” ይላል። ሁላችንም ሳቅን። እኔ ግን በሽታው ስሙን የተናገረ ያህል ተሰማኝ።

ዕድሜ ሲገፋ ጆሮ ቀድሞ የሚያጣው ቀጫጭኑን ድምፅ ነው። “ሰ”ን ከ“ሸ”፣ “ፈ”ን ከ“ተ” የምንለየው ደግሞ በዚሁ በቀጭኑ ድምፅ ነው። “አ”፣ “ኦ”፣ “ኡ” ወፍራም ስለሆኑ ይሰማሉ። ለዚህ ነው አረጋውያን “ድምፁ ይሰማኛል፤ የሚሉት ግን አይገባኝም” የሚሉት። ሪሞቱን ተጭኖ ድምፅ መጨመር ሁሉንም አንድ ላይ ያስጮኻል፤ ሙዚቃው፣ የመኪናው ጥሩንባና ንግግሩ አብረው ያድጋሉ። በዚያ ላይ የዛሬው ቴሌቪዥን እንደ ወረቀት የሳሳ ስለሆነ ስፒከሩ ትንሽ ነው፤ የሚጮኸውም ብዙውን ጊዜ ወደ ታች ወይም ወደ ግድግዳው ነው። ለአድማጩ የሚደርሰው ተንጸባርቆ የተመለሰው ድምፅ ነው።

ዕቃ ከመግዛቴ በፊት ባለቤቴን ወደ ጆሮ ሐኪም ወሰድኩት። ይህን ሁሉም ቤተሰብ ቢያስቀድም እመክራለሁ። አንዳንዴ ችግሩ የተጠራቀመ የጆሮ ኩክ ብቻ ሆኖ ይገኛል፤ ሲወጣ ጆሮው ይከፈታል። እንደ ጀንታማይሲንና ስትሬፕቶማይሲን ያሉ መድኃኒቶችም ጆሮን ሊጎዱ ይችላሉና ቀድሞ የወሰዷቸውን መርፌዎች ለሐኪሙ መንገር ጥሩ ነው። አንድ ጆሮ በድንገት ድርቅ ብሎ መስማት ካቆመ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ዕለት መታየት አለበት። የባለቤቴ የዕድሜ ሆኖ ተገኘ። የመስሚያ መሣሪያም ታዘዘለት፤ ያደርገዋል። ይሁን እንጂ መሣሪያው የመጣለትን ድምፅ ነው የሚያጎላው፤ ከቴሌቪዥኑ የሚመጣው የተደበላለቀ ከሆነ የተደበላለቀውን ያጎላል።

በዚህ መሐል ልጆቻችን ለአዲስ ዓመት ተዋጥተው ሆም ቲያትር ሊገዙልን ተነሡ። ወንዱ ቁመታቸው ሰው የሚያክል ስፒከሮች ያሉት አንድ ካርቶን አይቶ ወዶታል። “ብሩን ስጡኝ፤ ምርጫውን ለእኔ ተዉልኝ” አልኳቸው። ለወር ያህል ጠየቅሁ፣ አነበብኩ፣ መርካቶም ተመላለስኩ።

የመጀመሪያው ሱቅ ውስጥ ልጁ “ማዘር፣ ይሄ ሰፈር ያስነሳል!” አለኝ። ሰፈር እንዲነሣብኝ አልፈልግም። ካርቶኑ ላይ በሺዎች የሚቆጠር ዋት ተጽፏል፤ ከሥሩ በትንንሽ ፊደል “ፒኤምፒኦ” ይላል። ይህ ቁጥር ዕቃው ለቅጽበት ሊተፋ ይችላል ተብሎ የሚጻፍ እንጂ ፊልሙ እስኪያልቅ የሚሠራበት ጉልበት አይደለም። መጠየቅ ያለበት “አርኤምኤስ” የሚለው ነው፤ ሳያቋርጥ የሚሰጠውን ጉልበት የሚናገረው እሱ ነው። ለአንድ ሳሎን በእውነት የሚሰጥ 50 ዋት ለእያንዳንዱ ስፒከር ይበቃል። ጉልበቱ እጥፍ ሆኖ 100 ዋት ቢደርስ እንኳ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ይህም ለጆሮ ጥቂት ነው። ለዋት ብሎ ብር መጨመር እንግዲህ እዚህ ላይ ያበቃል።

አሁን ስለ ዕቃዎቹ። 5.1 የሚባለው አምስት ስፒከርና አንድ ሰብዉፈር ነው። ከፊት ግራ፣ ቀኝና መሐል፤ ከኋላ ወይም ከጎን ሁለት፤ ነጥብ አንዷ ደግሞ ወፍራሙን ድምፅ ብቻ የምታወጣው ሰብዉፈር፣ ሰዉ “ቤዙ” የሚላት። በፊልም ውስጥ ሰው ሲናገር ንግግሩ በአብዛኛው የሚወጣው በመሐለኛው ስፒከር ነው። ሙዚቃው በግራና በቀኝ፣ ዝናቡና የሚያልፈው መኪና በኋለኞቹ፣ ነጎድጓዱ በቤዙ ይሄዳል። ይህን ስረዳ ምርጫዬ ግልጽ ሆነ። ባለቤቴ የቸገረው ነጎድጓዱ አይደለም፤ “ሸጠ” እና “ሰጠ” ናቸው። ብሩ መጀመሪያ መሄድ ያለበት ወደ መሐለኛው ነው።

ሁሉም በአንድ ካርቶን ታሽጎ የሚሸጠውን የተውኩት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ብዙዎቹ ውስጥ መሐለኛው ስፒከር ከሁሉም ያነሰና የቀለለ ነው። ሁለተኛ፣ ማጫወቻውና አምፕሊፋየሩ አንድ ላይ ስለሆኑ አንዱ ሲበላሽ ሌላውም አብሮ ይቀመጣል። ስፒከሮቹ ብዙ ጊዜ የራሳቸው መሰኪያና ዝቅተኛ ኦም ስላላቸው ለሌላ አምፕሊፋየር አይሆኑም። ለየብቻ የተገዛ ግን እንደ ቤት ዕቃ ቀስ በቀስ ይሟላል፤ የተበላሸውም ብቻውን ይቀየራል።

የነበረንን ብር በ10 ከፈልኩት። 4 እጁ ለአምፕሊፋየሩ፣ 5 እጁ ከፊት ለሚሆኑት ሦስት ስፒከሮች፣ 1 እጁ ለገመድ፣ ለስታቢላይዘርና ለመጓጓዣ። ቤዙና ኋለኞቹ ለሌላ ጊዜ ይቆዩ አልኩ። ሦስቱ የፊት ስፒከሮች ከአንድ ፋብሪካ፣ ከአንድ ዓይነት ቢሆኑ ይመረጣል፤ አለዚያ ተዋናዩ ከግራ ወደ ቀኝ ሲራመድ ድምፁ የሌላ ሰው ይመስላል።

አምፕሊፋየሩን “ሪሲቨር” ብዬ ስጠይቅ የዲሽ ሪሲቨር አወጡልኝ። እናንተ “የአምስት ስፒከር አምፕሊፋየር፣ ኤችዲኤምአይ ያለው” በሉ። እንደ ያማሃ፣ ሶኒና ዴነን ያሉት ያገለገሉም ይገኛሉ። ያገለገለ ሲገዛ ሦስት ነገር ይታያል። አንድ፣ ጀርባው ላይ “ኤአርሲ” የተጻፈበት የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ መኖሩ። እ.ኤ.አ. በ2009 የመጣ ነገር ነው፤ በአንድ ገመድ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ወደ አምፕሊፋየሩ ይመልሳል፤ ቴሌቪዥኑም ይህ ያለው መሆን አለበት። ሁለት፣ አምስቱም መስመር በየተራ ድምፅ ማውጣቱ፤ የመሞከሪያ ድምፁን አስከፍቶ መስማት ነው። ሦስት፣ የኤሌክትሪኩ ቮልት።

በቮልቱ ጉዳይ ከአሜሪካዋ ልጃችን ጋር ብዙ ተነጋገርን። “እዚህ ርካሽ ነው፣ በሰው እልክላችኋለሁ” ትላለች። የአሜሪካ ዕቃ ግን ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፤ የእኛ 220 ነው። ጀርባው ላይ ሁለቱንም እንደሚችል ካልተጻፈ በስተቀር በቀጥታ ከተሰካ ይቃጠላል፤ ትራንስፎርመር ሲጨመርበት ደግሞ ርካሽነቱ ይቀንሳል። ከአውሮፓ ወይም ከዱባይ የመጣ ይስማማናል። ለልጅቷ “ስፒከር ላኪ” አልኳት፤ ተራው ባለ ገመድ ስፒከር ራሱ ኤሌክትሪክ ላይ አይሰካምና ከየትም ቢመጣ ይሠራል። ኦሙ 6 ወይም 8 ከሆነ አብዛኞቹ አምፕሊፋየሮች ይቀበሉታል።

መሐለኛውን ስፒከር ለመምረጥ ባለቤቴን ይዤው ሄድኩ። በፍላሽ የዜናና የድራማ ቅጂ ይዣለሁ። ጤና ጣቢያ የመስማት ችሎታን በቀላሉ ስንለካ ከታካሚው ኋላ ክንድ ያህል ርቀን እንቆምና በሹክሹክታ የምንለውን እንዲደግም እናደርጋለን። ሱቁም ውስጥ ያንኑ አደረግሁ። ድምፁን ዝቅ አስደርጌ “የሚሉትን ድገምልኝ” አልኩት። በአንደኛው ስፒከር ግማሹን ሳተ። ሁለተኛው ላይ ቃል በቃል ደገመ። ባለሱቁ የሚያወድሰው የመጀመሪያውን ነበር፤ እኔ ግን ሁለተኛውን አስጠቀለልኩ።

ቤት ሲገባ ገጠማው ከግዢው ባልተናነሰ ወሳኝ ነው። መሐለኛው ከቴሌቪዥኑ ሥር፣ ከመደርደሪያው ጠርዝ ላይ፣ አፉ ወደ ተቀማጩ ጆሮ ቀና ብሎ ይቀመጣል። ቡፌ ውስጥ መወሸቅ የለበትም። ገመዱ ኤሌክትሪክ ሠራተኞች 1.5 የሚሉት ውፍረት ያለው ከሆነ ለሳሎን ይበቃል፤ ቀዩ ከቀይ፣ ጥቁሩ ከጥቁር። አምፕሊፋየሩ ስለሚሞቅ ከላዩ መተንፈሻ ይፈልጋል፤ ስለዚህ እናቶች፣ ዳንቴል አናልብሰው። መብራት ሲጠፋ ከሶኬት መንቀል፣ ሲመጣም ትንሽ ቆይቶ መሰካት ዕድሜውን ያረዝመዋል።

የልጅ ልጃችን በሜትር ለክቶ ርቀቱን ሞላ፤ እኔም በማስተካከያው ገብተን የመሐለኛውን ድምፅ ብቻ በ3 ዴሲቤል ከፍ እንዲያደርግ ነገርኩት። “ናይት ሞድ” የሚባል ነገርም አለው፤ ድንገት የሚጮኸውን ዝቅ፣ የሚንሾካሾከውን ከፍ ያደርጋል። የእኛ ጣቢያዎች በብዛት የሚያሰራጩት በሁለት መስመር፣ ግራና ቀኝ ነው። አምፕሊፋየሩ በሁለቱም ውስጥ አንድ ዓይነት የሆነውን፣ ማለትም ንግግሩን፣ ለይቶ ወደ መሐል የሚልክበት ዘዴ ስላለው ለአማርኛው ድራማም ይሠራል። ሳሎናችን ሴራሚክ ስለሆነ ምንጣፍ ዘረጋን፣ ወፍራም መጋረጃም ሰቀልን፤ ባዶ ወለልና መስታወት ቃሉን እያስተጋቡ ያደበዝዙታልና።

ቤዙን ያዘገየሁት በብር ምክንያት ብቻ አይደለም። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ነው፤ ወፍራም ድምፅ በወለልና በግድግዳ አልፎ ይሄዳል። ከሥራችን አራስ አለች። ሲገዛም ከጎረቤት ጋር ከሚያዋስነን ግድግዳ ርቆ፣ ከሥሩ ወፍራም ጎማ ተነጥፎለት ይቀመጣል።

ሌላው የማስበው የሕፃናቱን ጆሮ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለጆሮ ማዳመጫዎች ባወጣው መመዘኛ ለአዋቂ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት 80 ዴሲቤል፣ ለልጆች ደግሞ 75 ዴሲቤል ይፈቅዳል። 3 ዴሲቤል በተጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። ለአያት ጆሮ ተብሎ የሚጮኽ ቴሌቪዥን በልጅ ልጅ ጆሮ ሊከፈል አይገባም። ንግግሩ ሲጠራ ድምፁን መቀነስ ይቻላል፤ ሁለቱም ይተርፋሉ።

አሁን ባለቤቴ ሁሉንም ይሰማል አልልም። ያረጀ ጆሮን ስፒከር አያድሰውም። ግን ከእራት በኋላ ሶፋው ላይ ይቆያል፤ በታሪኩ ላይ አስተያየት ይሰጣል፤ አንዳንዴም ሁላችንን ዝም ያሰኘናል። ኋለኞቹን ሁለት ስፒከሮች ልጆቹ ለገና እንግዛ እያሉ ነው። ይግዙ፤ የሚቸኩል የለም።

እናንተም ለወላጆቻችሁ ለመግዛት ካሰባችሁ የሚሰሙበትን ሰዎች ይዛችሁ ሂዱ። ወንበር አስመጡላቸውና ይቀመጡ። ድምፁን ዝቅ አስደርጉ፤ ከዚያ “ምን አለ?” ብላችሁ ጠይቋቸው። መልሱን በትክክል ካገኛችሁ ያንን ግዙ።