ካሜራው የተሸነፈውን ሰው ሲከተል

ሞተር ሳይክል ነድቼ አላውቅም። ስለ ሞተር ውድድር የተሠራ ዘጋቢ ፊልም ካገኘሁ ግን ሳልጨርስ አልተኛም። ፍኖተ ሰላም ያሉ ጓደኞቼ «አገር እንዲህ ሆና አንተ ስለ ፈረንጅ ሞተር ምን አገባህ?» ይሉኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም አለኝ።

ከሁሉም የምወደው ብሩስ ብራውን በ1971 እ.ኤ.አ. ያወጣውን «ኦን ኤኒ ሰንደይ» ነው። ለኦስካር ታጭቶ ነበር። ሞቶክሮስን፣ ማለትም በጭቃ፣ በዳገትና በጉብታ ላይ የሚደረገውን የሞተር ውድድር፣ ከሌሎች የሞተር ውድድሮች ጋር ያሳያል። ዝነኛው ተዋናይ ስቲቭ ማክዊን ገንዘቡን አውጥቶበታል፤ ራሱም ከተራው ሰው ጋር አቧራ እየቃመ ሲወዳደር ይታያል።

ልቤን የያዘው ግን ሜርት ላውዊል ነው። የእሱ ውድድር ሞቶክሮስ ሳይሆን በአብዛኛው በአፈር መም ላይ የሚደረግ ነው። በ1969 የአሜሪካ ሻምፒዮን ነበር። ፊልሙ በማግስቱ ዓመት «ቁጥር 1»ን ላለማስነጠቅ ሲታገል ይከተለዋል። ሞተሩን ራሱ ይፈታል፣ ራሱ ይገጥማል። ሞተሩ ግን ደጋግሞ ይከዳዋል። በመጨረሻ ቁጥሩን ተነጠቀ። ካሜራው ግን አልተወውም።

ወደ እኛ እንምጣ። ከቡሬ አለፍ ብሎ እንጅባራ ላይ፣ በየዓመቱ ጥር 23፣ የአገው ፈረሰኞች ይወጣሉ። ማኅበራቸው ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው። ያጌጡ ፈረሶች፣ ጉግስ፣ ሽርጥ፤ ከሞቶክሮስ በምን ያንሳል? በቴሌቪዥን የሚደርሰን ግን የባለሥልጣን ንግግር፣ ከላይ የተቀረጸ ሜዳና «የቱሪዝም ሀብታችን» የሚል ድምፅ ነው። ፈረሱን ማን አሳደገው? አምና የወደቀው ልጅ ምን ሆነ? መኖ ሲወደድ ፈረሱን የሸጠው ማን ነው? ይህን የሚነግረን ፊልም እስካሁን አላየሁም።

ነገሩ ከፊልም ያለፈ ነው። ባለፉት ዓመታት ስለ ጎጃም ሰው የምንሰማው በቁጥር ነው፤ ይህን ያህል ሞተ፣ ይህን ያህል ተፈናቀለ። ሰውን በጅምላ ማየት የለመደ ዓይን፣ አንዱ ሲጎድል አያስተውልም። ላውዊል ለእኔ ባዕድ ነው፤ አገሩንም አላውቀውም። ዓመቱን ሙሉ አብሬው ስለዋልኩ ግን ሞተሩ ሲቆም እኔም አብሬ አዝናለሁ። የእነዚህ ፊልሞች ጉልበት ይኸው ነው።

ካሜራ ያላችሁ ወጣቶች፣ በመጪው ጥር መድረኩ ሥር አትሰለፉ። አንድ ፈረሰኛ ምረጡና ከክረምቱ ጀምራችሁ ተከተሉት። ቢሸነፍም አትተዉት።