ከመስኮቱ ወዲያ

ሌሊቱ ገፍቷል። ከሼቻ አፋፍ ቁልቁል ሲያዩት ጫሞም አባያም የሉም፤ ጨለማ ብቻ ነው። እኔም እንደ ቄስ ተማሪ ከንፈሬን እያንቀሳቀስሁ አጠናለሁ፦ «ቦንዡር… ሲል ቩ ፕሌ… ሜርሲ…»

ታናሽ ወንድሜ ጅቡቲ በቀን ሥራ ላይ ሳለ ወድቆ ሆስፒታል ከገባ ስድስተኛ ቀኑ ነው። ከነገ ወዲያ እሄዳለሁ። «እዚያ እኮ አማርኛ የሚሰማ አይጠፋም» ይሉኛል ወዳጆቼ። እውነት ነው። ነገር ግን የአገሪቱ የመንግሥት ቋንቋዎች ፈረንሳይኛና ዐረብኛ ናቸው፤ በሆስፒታሉ መስኮት ማን ተቀምጦ እንደሚጠብቀኝ በምን አውቃለሁ? ስለዚህ አንዲት ዓረፍተ ነገር በወረቀት ጻፍሁ፦ «ዠ ሸርሽ ሞን ፍሬር።» ወንድሜን እየፈለግሁ ነው።

ለዚህ ቋንቋ ፈጽሞ ባዕድ አይደለንም። የጅቡቲው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ፈረንሳዮቹ ጣቢያውን «ላ ጋር» አሉት፤ የእኛ ሰው «ለገሃር» አደረገው። አሮጌው ባቡር መጓዙን ካቆመ ዓመታት ቢያልፉም ስሙ የሰፈር ስም ሆኖ ቀርቷል። እኔን ያስቸገረችኝ «ሞን» ናት። የመጨረሻዋ «ን» በምላስ አትነካም፤ በአፍንጫ ትቀራለች። ግጥም እጽፋለሁ ባዩ ሰው፣ ሀብቴ ሁሉ አራት አምስት ቃል ሆነና አረፈው።

ባለፈው ወር አንዲት እናት ከጨንቻ ደጋ ወርደው በመስኮቴ ፊት ቆሙ። በዚህ ከተማ ዘጠኝ ዓመት ስኖር ከጋሞኛ የማውቀው ሰላምታውን ብቻ ነው። «ሳሮ» አልኋቸው። ፊታቸው በራ፤ ቋንቋቸውን የምችል መስሏቸው ያለ የሌለውን አወሩልኝ። ግራ ቢገባኝ የጥበቃ ባልደረባችንን ጠራሁ።

«ልጃቸው ገንዘብ ልኮ እንደሆነ ነው የሚጠይቁት» አለኝ።

ደብተራቸውን አየሁ። «አልገባም በላቸው።»

ነገራቸው። እርሳቸው ግን አልሄዱም፤ ቀስ ብለው አንድ ነገር ጨመሩ። ሰልፉ ረጅም ነበርና «ቀጣይ!» አልሁ። ማታ ስንወጣ ምን እንዳሉ ጠየቅሁት።

«ገንዘቡ ይቅር፤ ልጄ ደኅና ነው ወይ? ነበር ያሉት።»

እኒያ እናት ልጃቸውን እየፈለጉ ነበር። እኔ የጠየቁኝን ገንዘብ መስሎኝ ነበር።

ዛሬ ከሥራ ስወጣ የጥበቃ ባልደረባችንን ለመንሁት። «አላውቅም እናቴ፤ ይቀመጡና አብረን ስልክ እንደውልለት» በጋሞኛ እንዴት እንደሚባል ነገረኝ። እየሳቀ ሦስቴ አረመኝ። በፈረንሳይኛው ወረቀት ጀርባ ጻፍሁት።

አሁን አንዱን ገጽ አጠናና እገለብጣለሁ። ከነገ ወዲያ ከመስኮቱ ወዲያ የምቆመው እኔ ነኝ። ከውስጥ የሚቀመጠው ሰው ሰልፉ ቢረዝምበትም እንኳ፣ የተሰባበረ ቃሌን እስከ መጨረሻው ቢሰማኝ ብዬ እጸልያለሁ።